ሲወለዱ ጀምሮ የልብ ችግር ባለባቸው አዋቂዎች ላይ የሚከሰት የልብ ምት መዛባትና ሕክምናው

አንድ ሕፃን በማሕፀን ሳለ የልቡ ግድግዳ፣ ቫልቮቹ ወይም ከልብ የሚነሱት ትላልቅ የደም ሥሮች በተገቢው መንገድ ሳይሠሩ ሲቀሩ፣ ሲወለድ ጀምሮ የሚኖር የልብ ችግር አለበት ይባላል። በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል በአማካይ ስምንት ያህሉ ይህ ችግር ይገኝባቸዋል። ጉዳዩ በብዛት የሕፃናት ሕክምና ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። ይሁን እንጂ በቀዶ ሕክምና ወይም ያለ ቀዶ ሕክምና ለአዋቂነት የሚደርሱ ሰዎች ቁጥር ከጊዜ ወደ ጊዜ ጨምሯል፤ እነዚህን ሰዎች በአዋቂነት ዘመናቸው ወደ ሆስፒታል ከሚያመጡ ምክንያቶች መካከል ደግሞ ቀዳሚውን ቦታ የሚይዘው የልብ ምት መዛባት ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለ ሕመሙ ምንነት፣ ስለ ሕክምናው ዓይነትና አገልግሎቱ ስለሚገኝበት መንገድ መረጃ የሚሰጥ ሲሆን፣ በተለይ በሰሜን ወሎ ዞን በራያ ቆቦ ወረዳ፣ በጎብዬ፣ በሮቢትና በቆቦ ከተሞች እንዲሁም በአካባቢው ቀበሌዎች የሚኖሩ ታካሚዎችንና ቤተሰቦችን ታሳቢ አድርጎ የተዘጋጀ ነው።

ታካሚዎቹ እነማን ናቸው?

በኢትዮጵያ ታካሚዎቹን በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ በልጅነታቸው ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ናቸው። በሀገር ውስጥ የልብ ቀዶ ሕክምና በቋሚነት መስጠት ከመጀመሩ በፊት ሕፃናት ወደ ውጭ ሀገር ይላኩ ነበር። በእስራኤል ሆሎን ከተማ በሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው ሴቭ ኤ ቻይልድስ ሃርት የተሰኘ ድርጅት ሥራውን በ1980ዎቹ መገባደጃ ሲጀምር ቀድመው ከታከሙት መካከል የኢትዮጵያ ሕፃናት ይገኙበታል። በኋላም በዶክተር በላይ አበጋዝ መሥራችነት የተቋቋመው የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ በ2001 ዓ.ም. ሥራ በመጀመሩ፣ ቀዶ ሕክምናው በሀገር ውስጥ የሚሰጥበት ዕድል ተከፍቷል። በዚያ ዘመን ታክመው የተመለሱት ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው፤ ያርሳሉ፣ ይነግዳሉ፣ ያስተምራሉ፣ ልጆች ወልደው ያሳድጋሉ።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ክትትል ያቋረጡት በቸልተኝነት አይደለም። ቤተሰቡ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ «ልጁ ድኗል» ብሎ ስለሚያምን፣ የሕፃናት ክሊኒኩ ክትትል ሲያበቃም ታካሚውን ወደ አዋቂዎች የልብ ክሊኒክ የሚያሸጋግር ሰው ስለማይኖር ነው። የተሠራ ልብ ግን እንዳልታመመ ልብ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ቀዳዳው ቢደፈንም ጠባሳው ይቀራል፤ ጠባሳው ደግሞ ከ10፣ ከ20 ወይም ከ30 ዓመት በኋላ የምት መዛባት ሊያስከትል ይችላል።

ሁለተኛዎቹ ችግሩ እንዳለባቸው ሳያውቁ ያደጉ ናቸው። በላይኛዎቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ቀዳዳው ያለበት ሰው በልጅነቱ ይህ ነው የሚባል ምልክት ላያሳይ ይችላል፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላው ግን ዳገት ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ልቡም ያለ ሥርዓት መምታት ይጀምራል። በሀገራችን በወጣት ጎልማሳ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ ቶሎ የሚጠረጠረው ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ ቫልቭን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ጥርጣሬው ተገቢ ነው፤ በቁጥርም የሚያመዝነው እርሱ ነው። ሆኖም የሁለቱ ሕክምና ስለሚለያይ በአልትራሳውንድ የሚደረግ የልብ ምርመራ (ኢኮ) ሳይደረግ በግምት ለዓመታት መድኃኒት መውሰድ አይመከርም።

ምቱ የሚዛባው ለምንድን ነው?

ልብ የሚመታው በላይኛው ቀኝ ክፍል ከሚገኝ የተፈጥሮ ምንጭ ተነሥቶ በመላው የልብ ጡንቻ በሚሰራጭ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ኃይሉ የሚጓዝበት መስመር የተወሰነ ነው። ልብ ሲፈጠር ቅርጹ ከተዛባ መስመሩም ያለ ቦታው ሊሠራ፣ ሊቋረጥ ወይም ትርፍ መስመር ሊኖረው ይችላል። ኤብስታይን በተባለው የቀኝ ቫልቭ ችግር፣ ለምሳሌ፣ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው የሚያሻግር ትርፍ መስመር በብዙ ታካሚዎች ላይ ይገኛል፤ ልብ በድንገት በደቂቃ 200 ጊዜ ያህል እንዲመታ የሚያደርገውም እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መለጠጥ ነው። በቀዳዳ በኩል የሚያልፈው ትርፍ ደም የልብን ክፍሎች ለዓመታት ሲያሰፋ ጡንቻው ይሳሳል፣ በመካከሉም ጠባሳ ያበጃል። ሦስተኛው የቀዶ ሕክምናው ስፌት የሚተወው ጠባሳ ሲሆን፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ጠባሳውን እንደ ደሴት እየዞረ ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር ያደርጋል። በዚህ ምክንያት የሚመጣው የላይኛው ክፍል ፈጣን ምት አንዳንዴ በደቂቃ 150 ላይ ረግቶ ለቀናት ስለሚቆይ፣ ታካሚው «ድካም ነው» እያለ ሊያልፈው ይችላል። በጤነኛ ልብ ላይ ብዙም ጉዳት የማያደርስ ፍጥነት በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ልብን በቀናት ውስጥ ሊያደክም ስለሚችል፣ መጠበቅ አይገባም።

ፋሎት ተብሎ የሚታወቀው አራት ጉድለቶችን በአንድነት የያዘ ሕመም ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ሕፃናትን የሚያጠቁር ተብሎ የሚታወቀው በአብዛኛው ይህ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሙሉ ጥገና የተደረገው በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ ነው። ጥገናው ሕይወትን ያድናል። ነገር ግን ወደ ሳንባ የሚወስደውን መንገድ ለማስፋት የሚደረገው ቅድ ቫልቩን ስለሚያላላ፣ ደም ወደ ኋላ እየተመለሰ የቀኙን ታችኛ ክፍል ያሰፋዋል። አደገኛ የሆነው የታችኛው ክፍል ፈጣን ምት፣ አልፎ አልፎም ድንገተኛ ሞት የሚመጣው ከዚህ ነው። በኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ላይ የታችኛው ክፍል ምልክት ስፋቱ 180 ሚሊ ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን አደጋው ከፍ እንደሚል ይታወቃል፤ በመሆኑም ፋሎት የተጠገነለት ሰው ምንም ባይሰማው እንኳ በየዓመቱ ኢሲጂ መነሣት አለበት።

ምቱ ከመጠን በላይ የሚዘገይበት ሁኔታም አለ። በታችኛዎቹ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ሲደፈን መስመሩ ከተነካ፣ ወዲያውም ሆነ ዘግይቶ ምቱ ሊቋረጥ ይችላል።

አስቸኳይ ምልክቶች

የልብ መርበትበት፣ ያልተለመደ ድካም፣ የእግር ማበጥ ወይም ቀድሞ በቀላሉ ይሠራ የነበረን ሥራ መሥራት አለመቻል ከታየ በዚያው ሳምንት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ራስን መሳት፣ በተለይ በሥራ ወይም በሩጫ መካከል፣ ከደረት ሕመም ወይም ከከባድ የትንፋሽ እጥረት ጋር የመጣ ፈጣን ምት፣ እንዲሁም የአፍ መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ ግን ሌሊትም ቢሆን የሚያድር ጉዳይ አይደለም። ከወረዳው ወይም ከጤና ጣቢያው አምቡላንስ መጥራት ይገባል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ መስመር 907 ነው። አምቡላንስ ካልተገኘ በተገኘው ተሽከርካሪ መጓዝ እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።

አንድ ሰው በልብ ምት መዛባት ራሱን ስቶ ሲወድቅ፣ በአካባቢው የሚጥል በሽታ ተደርጎ የሚቆጠርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ደረቱ ላይ የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ያለበት ሰው ከወደቀ ግን አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ልቡ ነው።

ከጎብዬ ተነሥቶ አገልግሎቱ የሚገኝበት መንገድ

የመጀመሪያው በር የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው። በዚያ የልብ ምት ይቆጠራል፣ የደም ግፊትና የኦክስጅን መጠን ይለካል፣ የሪፈር ወረቀት ይጻፋል። ታካሚው ቀጥሎ ወደ ቆቦ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይላካል። ጎብዬ በሁለቱ ከተሞች መካከል በዋናው አስፋልት ላይ መገኘቷ ለዚህ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ምርመራ ልብ እየተርበተበተ ባለበት ሰዓት የሚነሣ ኢሲጂ ነው። መርበትበቱ ካለፈ በኋላ የተነሣ ኢሲጂ ብዙ ጊዜ ምንም አያሳይም፤ በዚህም ምክንያት ታካሚው «ጭንቀት ነው» ተብሎ የሚመለስበት አጋጣሚ አለ። ስለዚህ ምልክቱ በጀመረበት ሰዓት ኢሲጂ ወዳለበት ቅርብ ተቋም መድረስ፣ የተነሣውንም ወረቀት ቅጂ ጠይቆ መያዝ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ከጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይመከራል።

ከዚያ በላይ ያለው አገልግሎት በደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ በሚገኙ ሪፈራል ሆስፒታሎች የሚፈለግ ነው። ደሴ ከወልድያ 120 ኪሎ ሜትር ያህል፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ። እዚህ ላይ ለቆላው ነዋሪ የሚነገር ነገር አለ። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ትደርሳለች፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር፣ ማለትም ደማቸው በቂ ኦክስጅን የማያገኝ ታካሚዎች ወደ ደጋ ሲወጡ ድካሙና የትንፋሽ እጥረቱ ሊብስባቸው ይችላል። እንዲህ ያለ ታካሚ ብቻውን ሊጓዝ አይገባም፤ በመንገድ ላይ ኦክስጅን ያስፈልገው እንደሆነም የሚልከውን ሐኪም አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። በደም ሥር ፈሳሽ ሲሰጠውም የአየር አረፋ በመስመሩ ውስጥ እንዳይገባ ባለሙያው ልዩ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት፤ በእነዚህ ታካሚዎች አረፋው በቀጥታ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላልና።

የሕክምናው ዓይነት

ፈጣን ምት ይዞት የመጣ ታካሚ የደም ግፊቱ ካልወረደ፣ ባለሙያው በቅድሚያ በትንፋሽ የሚሠራ ዘዴ ሊሞክር ይችላል፤ ታካሚው መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ለ15 ሰከንድ ያህል በኃይል ከነፋ በኋላ በጀርባው ተንጋሎ እግሩ ከፍ ይደረጋል። ይህ ካልሠራ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አለ። ግፊቱ የወረደ ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ ግን በኤሌክትሪክ ንዝረት ምቱን ማስተካከል ይገባል። ብዙ ቤተሰቦች ይህን ሕክምና ይፈሩታል። ራሱን ያልሳተ ታካሚ ማደንዘዣ ወይም ማስተኛ ስለሚሰጠው ሕመሙ አይሰማውም፤ ሥራው የሚያልቀውም በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

የላይኛው ክፍል ምት ከ48 ሰዓት በላይ ተዛብቶ ከቆየ ወይም መቼ እንደጀመረ ካልታወቀ፣ በልብ ውስጥ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ምቱ በድንገት ሲስተካከል ይህ ደም ተነሥቶ ስትሮክ ያስከትላል። ስለዚህ ሁኔታው አስቸኳይ ካልሆነ ቢያንስ ለሦስት ሳምንት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል፤ ምቱ ከተስተካከለ በኋላም ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል። ታካሚው በመጀመሪያው ቀን «ሳልታከም መለሱኝ» ብሎ ቅር የሚሰኘው ብዙ ጊዜ ይህ ስላልተብራራለት ነው።

በሀገራችን ለዚህ ዓላማ በብዛት የሚታዘዘው ዋርፋሪን ነው። የዋርፋሪን መጠን ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ አይ ኤን አር በተባለ የደም ምርመራ ይለካል፤ ለአብዛኞቹ የምት መዛባት ታካሚዎች ውጤቱ ከ2 እስከ 3 ባለው መካከል መሆን አለበት። ጎመንና ሌሎች አረንጓዴ ቅጠላ ቅጠሎች የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሳሉ። ይህ ማለት ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም። ችግሩ መለዋወጡ ነው፤ በፍስኩ ሳይቀምሰው ቆይቶ በዐቢይ ጾም በየቀኑ የሚመገበው ሰው የአይ ኤን አር ውጤቱ ስለሚለወጥ፣ ጾሙ ሲገባና ሲወጣ ምርመራ ማድረግ አለበት። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው እንደ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎችን በራሱ ፈቃድ ገዝቶ መውሰድ፣ በጡንቻ መርፌ መወጋትም ሆነ ዋግምት ማድረግ የለበትም።

ምቱን ከሚያረጋጉት መድኃኒቶች መካከል እንደ ሜቶፕሮሎልና አቴኖሎል ያሉት በስፋት ይታዘዛሉ። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ማቅለሽለሽ ወይም የዕይታ ቢጫ መሆን ከገጠመው መጠኑ በዝቶበት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ መታየት አለበት። ትርፍ መስመር ላለባቸው አንዳንድ ታካሚዎች ግን ዲጎክሲን ራሱ አደገኛ ነው። አሚዮዳሮን ብርቱ መድኃኒት ሲሆን የታይሮይድ ዕጢን፣ ጉበትንና ሳንባን ሊጎዳ ይችላል፤ በየስድስት ወሩ የደም ምርመራ ይጠይቃል። ቆዳንም ለፀሐይ ስለሚያጋልጥ በራያ ቆላ እርሻ ላይ የሚውል ሰው ባርኔጣና እጀ ረጅም ልብስ ያስፈልገዋል። አሚዮዳሮን ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ የዋርፋሪኑን ኃይል ስለሚጨምር መጠኑ በአብዛኛው ይቀነሳል።

ኃይሉ የሚሽከረከርበትን ቦታ በቀጭን ቱቦ በብሽሽት የደም ሥር ገብቶ በሙቀት ማቃጠል ሌላው ሕክምና ነው። በብዙ ታካሚዎች ላይ መድኃኒትን ሊተካ ይችላል፤ በጠባሳ ምክንያት በመጣ ምት ላይ ግን ችግሩ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ልዩ መሣሪያና በዘርፉ የሠለጠነ ሐኪም ስለሚፈልግ በዞን ሆስፒታል ደረጃ የሚሰጥ አይደለም። በሬ ሸጦ ወይም መሬት አከራይቶ ወደ ውጭ ሀገር ለመሄድ ከመወሰን በፊት፣ ሕክምናው በትክክል የሚያስፈልግ መሆኑንና በሀገር ውስጥ የሚገኝበትን ሁኔታ ከአንድ የልብ ስፔሻሊስት ማጣራት ተገቢ ነው። ቀድሞ መታረም ያለበት የቫልቭ ወይም የቀዳዳ ችግር ከተገኘ ምቱን ብቻ ማከም ዘላቂ ውጤት ስለማያመጣ፣ ሁለቱ በአንድነት ሊታሰቡ ይገባል።

ምቱ ለሚዘገይበት ሰው ፔስሜከር በቆዳ ሥር ይቀበራል። ባትሪው እንደየዓይነቱ ለዓመታት ያገለግላል እንጂ ለዘላለም አይቆይም፤ ስለዚህ በየጊዜው መፈተሽ አለበት። አደገኛውን ፈጣን ምት በራሱ ለይቶ በንዝረት የሚያቆም መሣሪያም ያለ ሲሆን፣ ዋጋው ከፍተኛ ስለሆነ የሚታዘዘው በጥብቅ ምርጫ ነው። ከእነዚህ መሣሪያዎች አንዱ ያለው ሰው የመሣሪያውን ካርድ ከመታወቂያው ጋር ይዞ መንቀሳቀስ ይኖርበታል፤ ሞባይሉንም መሣሪያው ባለበት በኩል በደረት ኪስ ባይይዝ ይመረጣል።

በቆላማው አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሹ ጉዳዮች

የራያ ቆላ ሙቀት ላብ ያበዛል፤ ላብና ተቅማጥ የሰውነትን ፖታሲየም ያጎድላሉ። ፉሮሴማይድ የመሰለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፖታሲየሙ ይበልጥ ስለሚቀንስ ምቱ በቀላሉ ይዛባል። ተቅማጥ ወይም ትውከት የያዘው እንዲህ ያለ ታካሚ ኦአርኤስ እየወሰደ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መታየት አለበት።

አካባቢው የወባ ሥጋት ያለበት ነው። አርቴሜተር ሉሜፋንትሪን (ኳርተም) እና ኪኒን ከአሚዮዳሮን ወይም ከሶታሎል ጋር ሲደመሩ የልብን የኤሌክትሪክ ዑደት ሊያራዝሙ ይችላሉ። በትራኮማ ዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲንም እንዲሁ ነው። ወባ ሕክምናው የማይዘገይ በሽታ ስለሆነ መድኃኒቱን መተው መፍትሔ አይሆንም፤ የሚወስደውን የልብ መድኃኒት ለባለሙያው ማሳየት ግን ግዴታ ነው። በዘመቻ ወቅት ኪኒኑን ከመዋጥ በፊት ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ መናገር በቂ ነው።

ጫት ልብን የሚያፈጥን ንጥረ ነገር ስላለው የምት መዛባት ላለበት ሰው አይፈቀድም። አረቄም በተለይ በብዛት ሲጠጣ ምትን ይቀሰቅሳል። በጾም ወይም በረመዳን መድኃኒት የሚወሰድበትን ሰዓት ማስተካከል የሚቻለው ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ነው፤ ጠበል የሚጠመቁ ታካሚዎችም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መጠመቅ ይችላሉ።

እንጥል ማስቆረጥና ንጽሕናው ባልተጠበቀ መሣሪያ ጥርስ ማስነቀል ለእነዚህ ታካሚዎች ከሌላው ሰው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ወደ ደም የሚገባው ጀርም በተጎዳው ልብ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ቅድመ መከላከያ አንቲባዮቲክ የሚያስፈልጋቸው ታካሚዎች ስላሉ፣ የልብ ችግር መኖሩ ለጥርስ ሐኪሙ አስቀድሞ ይነገር።

እርግዝና

እርግዝና የደምን መጠንና የልብን ሥራ ስለሚጨምር የምት መዛባትን ሊያስነሣ ይችላል። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ፅንስን ይጎዳል፤ አሚዮዳሮን ደግሞ የፅንሱን ታይሮይድ ሊነካ ይችላል። ስለሆነም ምክክሩ ከእርግዝና በፊት መሆን አለበት፤ ሳይታሰብ የፀነሰች እናትም መድኃኒቱን በራሷ ሳታቋርጥ በዚያው ሳምንት ሐኪም ማግኘት ይጠበቅባታል። ወሊዱ በሆስፒታል እንዲሆን አስቀድሞ መታቀድ ይገባዋል። ለጊዜው መውለድ ለማትፈልግ ሴት ኢስትሮጅን ያለበት ኪኒን የደም መርጋትን ስለሚጨምር፣ በክንድ ሥር የሚቀበረው ዘዴ በአብዛኛው የተሻለ ነው።

መያዝ ያለባቸው ሰነዶችና የጤና መድን

በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ የሚገኙ የጤና ተቋማት ከፍተኛ ጉዳት ደርሶባቸዋል። በሆስፒታል ብቻ ያለ ፋይል ሊጠፋ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል። የቀዶ ሕክምናው ማጠቃለያ፣ የመጨረሻው የኢኮ ውጤትና ኢሲጂ እንዲሁም የመድኃኒት ዝርዝር ቅጂ በታካሚው እጅና በአንድ የቤተሰብ አባል ስልክ ላይ ቢቀመጥ ይመረጣል። በልጅነቱ የታከመና ወረቀቱ የጠፋበት ሰው፣ ሙሉ ስሙን፣ በዚያን ጊዜ የነበረውን ዕድሜና የታከመበትን ዓመት ይዞ ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ማዕከል መጠየቅ ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ታካሚ ተጠቃሚ የሚሆነው ከጤና ጣቢያ ጀምሮ የሪፈር ቅደም ተከተሉን ሲጠብቅ ነው። በቀጥታ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ ሰው ወጪውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል፤ አስቸኳይ ሁኔታ የገጠመው ሰው ግን በቅድሚያ ሕይወቱን ማትረፍ አለበት። አባልነቱ በየዓመቱ መታደሱን፣ የሪፈር ወረቀቱ ቀን ያላለፈበት መሆኑንና እንደ ፔስሜከር ያሉ መሣሪያዎች በመድኑ መሸፈናቸውን ከጉዞ በፊት በወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ማጣራት ይቻላል። የመክፈል አቅም የሌላቸው ነዋሪዎች መዋጮ በመንግሥት የሚሸፈንላቸው በቀበሌ ደረጃ በሚደረግ ልየታ ስለሆነ፣ ጥያቄው የሚቀርበው ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት ነው።